ድስቱ ሥር የተጻፈው ስም

ስልኬ ሲጮህ እጄ እስከ ክርኔ አመድ ነበር። መርሳ ላይ፣ በእድራችን ዕቃ ቤት ደጃፍ፣ ከሠርግ የተመለሰውን ትልቁን ብረት ድስት እየፈተግሁ ነበር። ቁጥሩን አላውቀውም። የማላውቀው ቁጥር ቢደውልልኝ አዲስ ነገር አልነበረምና በአውራ ጣቴ ተጫንሁት፤ ጆሮዬና ትከሻዬ መሐል ሸጎጥሁና «አቤት» አልሁ።

«ወልድያ ነሽ?» አለኝ የወንድ ድምፅ። ወፍራም ድምፅ ነው፣ ግን መጨረሻው ላይ ይሰበራል።

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ የምጠይቅሽ።» ከዚያ የልጄን ስም ከነአባቷ ጠራው። ቀስ እያለ፣ ከአንድ ነገር ላይ እያነበበ። «ይሄ ስም ውስጡ ተጽፎ ተገኝቷል። ወልድያ ይላል። ስልኩም ይሄው ነው። አንቺ ነሽ?»

እናቷ ነኝ ልል አፌን ከፈትሁ። ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ መልሼ ዘጋሁት።

«ዝም በይ፣ ግድ የለም» አለ። «ልጄን የት እንዳደረስሻት ፊት ለፊት ትነግሪኛለሽ። እየመጣሁ ነው። ምድር ብትገቢ ቆፍሬ አወጣሻለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። አብራኝ የምታጥበው ጎረቤቴ «ምነው፣ ምን አረዱሽ?» አለችኝ። እኔ ግን ድስቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁ። ያ ሰውዬ ይቀልዳል ብዬ ላፍታም አላሰብሁም። የሚቀልድ ሰው ድምፁ እንደዚያ አይሰበርም።

የልጄን ሥራ እንዴት አድርጌ እንደምነግራችሁ አላውቅም። እኔ የተማርሁት መሠረተ ትምህርት ነው። ፊደል ለይቼ ውዳሴ ማርያሜን እየተንተባተብሁ አነባለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የለሁበትም። እሷ ኮምፒውተር ተማረች፣ ተመረቀች። በጥቁር ጋዋን የተነሣችውን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቀልን። ከዚያ ፎቶው ተሰቅሎ ቀረ፣ እሷም ሥራ ፍለጋ ስትንከራተት ቀረች። በኋላ ወልድያ አንዲት ክፍል ተከራየች። ለሆቴሉም ለሱቁም ድረ ገጽ የሚሠሩ ልጆች አሉ፤ እነሱ ሲያቅታቸው ያቃታቸውን ቁራጭ እየሠራች ትሰጣለች።

ከዚያ ሁሉ ሥራዋ የምትወደው አንድ ነበር። ቀን መምረጫ ነው። ሰው በኢንተርኔት ፎርም ሲሞላ «የተወለድህበት ቀን» ይባል የለ? እዚያ ላይ ስትነኪው ወራቱ ይዘረገፋሉ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ እስከ ጳጉሜ። የፈረንጁን የሚያወጣ ሞልቷል፣ የኛን አሳምሮ የሚያወጣ ግን አልነበረም አለችኝ። ሠራችው። ሠርታም ለማንም ይሁን ብላ ኢንተርኔት ላይ አስቀመጠችው።

«በስንት?» አልኋት።

«በነፃ።»

«አብደሻል? ደም ተፍተሽ የሠራሽውን?»

«እማ፣ ሠርግ የደገሰ ሁሉ የየራሱን ትልቅ ድስት ይገዛል?»

«በምን አቅሙ? ከእድር ይወስዳል እንጂ።»

«በቃ እሱ ነው። ድረ ገጽ የሚሠራ ሁሉ ቀን መምረጫ ያስፈልገዋል። ሁሉም ከዜሮ እየጀመረ ከሚለፋ፣ እኔ አንዴ ሠራሁት፣ የፈለገ ወስዶ ይጣድበት። ላይብረሪ ይባላል። አንቺ ለእድሩ ድስት ኪራይ ትቀበያለሽ?»

አፌን አስያዘችኝ። እኔ የሴቶች እድር ዕቃ ጠባቂ ነኝ። በኛ እድር ዕቃው ሁሉ ሥሩ ላይ ምልክት አለው። ድስቱ ሲገለበጥ በቀይ ቀለም የእድሩ ስም፣ የለገሰን ሰው ካለ የሱም ስም፣ ከታች ደግሞ የዕቃ ጠባቂዋ ስልክ ይታያል። ድግስ አልቆ ዕቃ በሰው ቤት ሲረሳ ያገኘው ሰው ገልብጦ ያይና ይደውላል። ልጄ ይህን እያየች ነው ያደገችው። ስለዚህ ኮዷን ስትጨርስ እሷም አናቱ ላይ ስሟን፣ ወልድያን፣ ስልክም ጻፈች። ስልኩ የኔ ነው። የሷ ቁጥር በየጊዜው ይቀያየራል፣ የኔው ግን ከገዛሁት ጀምሮ አንድ ነው። «የዕቃ ጠባቂ ስልክ ነው» ብላ ሳቀችብኝ።

ከዚያ በኋላ ያላየሁት ጉድ የለም። የማላውቀው ሰው ከማላውቀው አገር ይደውላል። አንዱ ልጅ አንድ ቀን ወጥ እያማሰልሁ ደውሎ፣

«ጳጉሜ ላይ ይቆማል!» አለኝ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ።

«ምኑ ነው የሚቆመው?»

«ካላንደሩ ነዋ! ጳጉሜ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል፣ አያልፍም!»

«የኔ ልጅ፣ ጳጉሜ ላይማ እኛም እንቆማለን። ልጄ ስትመጣ እነግራታለሁ» አልሁት።

ተቆጣ። ደንበኛ እየጠበቀው ነው፣ ባለቤቱ እየጮኸበት ነው፣ ይሄ ደግሞ አይሠራም! በነፃ የወሰደው ነገር አልሠራ ሲለው የተቆጣውን ያህል ሰው በገዛው ዕቃ እንኳ ሲቆጣ አላየሁም። ልጄ አድራ አስተካከለችለት። አመሰግናለሁ ብሎ አልደወለም። ማንም ደውሎ አያውቅም። ሲበላሽ ነው ስማችንን የሚያውቁት።

ጎረቤቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች «ደውዪላት እንጂ!» ስትለኝ ነው የነቃሁት። ደወልሁ። ዝግ ነው። ደገምሁ፣ ዝግ ነው።

«መብራት ጠፍቶባት ይሆናል፣ አትደንግጪ።»

«ሰውየው እየመጣሁ ነው አለኝ እኮ!»

«ከየት?»

እሱን አልነገረኝም። እጄን እንኳ በቅጡ ሳልታጠብ ነጠላዬን ጎትቼ ወደ መናኸሪያው ሮጥሁ።

ለወልድያ የተሰለፈው ሚኒባስ ሊሞላ ሦስት ሰው ነው የቀረው። የኋላው ወንበር ላይ ገባሁ። ጎኔ መፋቂያ በአፋቸው የያዙ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ሾፌሩ «ሼህዬ፣ መስኮቷን ዝቅ ላርግልዎ?» ሲላቸው ሰማሁ። ወዲያው ሁለት ወንዶች ገብተው ከፊታችን ተቀመጡ፤ ከውርጌሳ ከመጣው መኪና ወርደው ነው። ታናሽየው ቀድሞ ገባ። ትልቁ ገና «ወንድም፣ ቶሎ ንዳልን በማርያም» ሲል አወቅሁት።

ድምፁ ነው። ያው የሚሰበረው ድምፅ።

መውረድ አሰብሁ። ከወረድሁ ግን ከኔ ቀድመው ይደርሳሉ። ቁጭ አልሁ። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብሁ።

ከፊታቸው የተቀመጠች ፓፓያ ነጋዴ ሴትዮ ዞር ብላ «ምነው፣ ለቅሶ ነው እንዴ?» አለቻቸው።

«ከለቅሶም ይብሳል» አለ ታናሽየው። «የወንድሜ ልጅ አረብ አገር ሥራ በኢንተርኔት ተመዘገበች። ሁሉ ነገር በስልክ። ፎርም ሞላች፣ ተጠራች፣ ሄደች። ከሄደች በኋላ ድምጿ የለም። ድረ ገጹም የለም፣ እንደ ጉም ተነነ።»

«ወይ አበሳ! እና አሁን የት ነው የምትሄዱት?»

«መርሳ ኮምፒውተር ቤት ያለ ልጅ ገጹን ሳይጠፋ ይዞት ነበር። ሆዱን ከፍቶ ሲያየው የሠሪዋ ስም ተጽፎ ተገኘ። ሴት ናት። ወልድያ ናት።»

«ሴት ሆና? ሴት ልጅ ትሸጣለች?» ፓፓያ ነጋዴዋ እጇን አጨበጨበች። «እንዲህ ያለችዋን ፀጉሯን ነበር ጨምድዶ አደባባይ!»

«ኮምፒውተር ተምረው እኮ ነው» አለ ሾፌሩ ከፊት። «ድሮ ሌባ አጥር ዘሎ ነበር የሚገባው። አሁን ቁጭ ብሎ ነው የሚዘል።»

ሰዉ ሳቀ። አባትየው አልሳቀም። ፓፓያ ነጋዴዋ አንገቷን አሻግራ እኔን «አንቺስ ምን ትያለሽ እህቴ? ዝም አልሽ» አለችኝ።

«እንጃ» አልሁ በነጠላዬ ውስጥ። «እናት ይኖራት ይሆናል።»

«ሰይጣን እናት አለው እንዴ?» አለች።

አሁን እንኳ ሳስታውሰው ምራቄ ይመርረኛል። ያቺ ሴት ክፉ አልነበረችም። እዚያው ላይ ለአባትየው ፓፓያ ቆርጣ «እህል ቅመስ» ስትለው ነበር። ለልጄ የነበራት ግን ያ ብቻ ነው። ስሟ ተጽፏል፣ አለቀ።

ሲሪንካን እንዳለፍን ታናሽየው «እስቲ ድገምና ደውልላት፣ ቤት መሆኗን እንወቅ» አለ። አባትየው ስልኩን አወጣ። የኔ ስልክ ጡቴ ሥር ነው ያለው። እጄን ልክተት ስል ነጠላዬ ተጠመጠመብኝ፤ እየጎተትሁ ሳለ ጮኸ።

ድምፁን እኔም ሰማሁት፣ እሱም ሰማው። ስልኩን ከጆሮው አነሣ። ጸጥ አደረገው። የኔም ጸጥ አለ። መልሶ ደወለ። ጮኸ።

ዞር ብሎ አየኝ። ዓይኑ ደም አልለበሰም፤ ማልቀስ ያደከመው ዓይን ነው።

«አንቺ ነሽ ያነሣሽው?»

«እናቷ ነኝ» አልሁ። ሌላ ምን ልበል?

ታናሽየው በወንበሩ ላይ ተንጠራርቶ ነጠላዬን ያዘ። «ያዝኋት! አቁም መኪናውን!» ሾፌሩ ደንግጦ ዳር አወጣው። ፓፓያ ነጋዴዋ ጮኸች። ያኔ ከጎኔ ያሉት ሼህ መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ።

«እጅህን ሰብስብ» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ።

«ሼህዬ፣ አያውቁትም!»

«ሁሉን ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው። የእናት ነጠላ ይዘህ የምታገኘው ልጅ የለም፤ ልቀቅ አልሁህ።»

ለቀቀ። እኔም መናገር ጀመርሁ። እንዴት እንደተናገርሁ አላውቅም። ልጄ ድስት እንጂ ድግስ አልሠራችም አልኋቸው። የእድር ድስት ሥሩ ላይ ስም አለው፣ በድስቱ የተበላሸ ወጥ ቢሠራበት የምንይዘው ደጋሹን ነው ወይስ ስሙ የተጻፈውን? ይህን ብናገር የሚረዱኝ መስሎኝ ነበር። ሰዉ ሁሉ እድርተኛ ነውና።

ፓፓያ ነጋዴዋ «መርዝ እንደሚቀቀልበት እያወቀች ከሰጠችስ?» አለች።

«አታውቅም! ማን እንደሚወስደው አታውቅም!»

«ደጃፉን ከፍቶ ማንም ይውሰድ የሚል ዕቃ ጠባቂ አለ? አንቺ ታደርጊዋለሽ?»

እኔ ድስት ስሰጥ የማን ሠርግ እንደሆነ አውቃለሁ።

አባትየው «እህቴ» አለኝ። «ይሁን፣ ድስቱ ነው እንበል። ደጋሹ ስሙን አልጻፈም። ቤቱንም አፍርሶ ሄዷል። ስም ያለው ድስቱ ላይ ብቻ ከሆነ፣ እኔ ማንን ልያዝ?»

ሼህ መፋቂያቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱና «እንግዲህ እኔም አብሬ እወርዳለሁ» አሉ። «ልጅቷ ቃሏን እስክትሰጥ እጅ የሚያነሣ በኔ ላይ ያነሣ። ተስማማችሁ?» አባትየው ራሱን ነቀነቀ። ታናሽየው ወደ መስኮት ዞረ።

ወልድያ ደርሰን ልጄ በሯን ስትከፍት ፀጉሯን ጠቅልላ እስክሪብቶ ሰክታበት ነበር። እውነትም መብራት ጠፍቶባታል። «እማ! ምነው ሳትነግሪኝ?» አለች፤ ከኋላዬ ያሉትን ስታይ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ። እቅፍ አደረግኋት። አቀፍኋት ልበል እንጂ ጋረድኋት።

ሼህ ነገሩን ባጭሩ ነገሯት። ታናሽየው ስልኩን ፊቷ ላይ ዘረጋ። «ይሄ ስም ያንቺ አይደለም?»

«የኔ ነው» አለች።

«እናስ!»

«ቆይ… ቆይ ላንብበው።» አልጋው ላይ ተቀምጣ በጣቷ ወደ ታች፣ ወደ ታች አለች። እያነበበች ስትሄድ ፊቷ አመድ ሆነ። «ይሄን ገጽ እኔ አልሠራሁትም። እኔ የሠራሁት እዚህ ጋ ያለውን ብቻ ነው። ቀን መምረጫውን። የተወለደችበትን ቀን የምትነካበትን።»

አባትየው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «እንግዲያ» አለ፣ «ልጄን የተወለድሽበት ቀን መቼ ነው ብለሽ የጠየቅሻት አንቺ ነሽ።»

እንዲህ ያለ ክስ ምን ተብሎ ይመለሳል? የልጄ ዕንባ ስልኩ ላይ ጠብ አለ፣ በእጅጌዋ ጠረገችውና መልሳ አነበበች።

«አባባ» አለች፣ «ልጅዎ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ገና አሥራ ሰባቷን ብትይዝ ነው።»

«የጉዞ ወረቀቷ ላይስ?»

ወንድማማቾቹ ተያዩ። «ሃያ አምስት ይላል» አለ ታናሽየው። «ስህተት ነው፣ እዚያ ስትደርስ ይስተካከላል አሏት።»

«ስህተት አይደለም።» ልጄ አስረዳች። የሠራችው ቁራጭ ሁለት ነው። አንዱ በኛ አቆጣጠር ቀኑን ያስመርጣል። ሁለተኛው የተመረጠውን ወደ ፈረንጁ ይመልሳል። የኛ ዓመት ከነሱ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው፤ ካልመለስኸው በኛ የተወለደችበት ዓመት በነሱ እንዳለ ይወሰድና ልጅቷ ሰባት ስምንት ዓመት ትጨምራለች። እነዚያ ሰዎች የመጀመሪያውን ወስደው ሁለተኛውን ቆርጠው ጥለውታል። ልጆቹ በገዛ እጃቸው እውነተኛ ልደታቸውን ሞልተው፣ ሳይዋሹ፣ ትልቅ ሰው ሆነው ወጡ።

አባትየው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ወንበር አለ፣ ግን ወለሉ ላይ ነው የተቀመጠው።

«ማን ነው የወሰደው?» አለ ታናሽየው። አሁን ጩኸቱ ቀርቷል።

«አላውቅም። የሚወስድ ሰው ወሰድሁ አይለኝም። እዚህ አገር ስንቱ ገጽ ላይ እንዳለ እንኳ አላውቅም።»

ሼህ ያን ጊዜ አንገታቸውን ደፉ። «ያ ረቢ» ብቻ አሉ።

ነገሩ እዚያ ላይ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ስልኬ ጮኸ። ሌላ ድምፅ፣ የሴት። «ልጄን መልሺ!» ዘጋሁት። ሌላ ወንድ ደወለ፤ እሱስ የተናገረውን አልደግመውም። አባትየው እጁን በራሱ ላይ ጫነ።

«እኔ ነኝ» አለ። «የሄደችው የኔ ብቻ አይደለችም። ከሐራም፣ ከመርሳም ልጆቻቸው የሄዱባቸው አሉ። ስሙን ሳገኝ ቁጥሩን ለሁሉም ሰጠኋቸው።»

«ደውልላቸዋ!» አልሁት።

ደወለ። ፊታችን ላይ ደወለ፣ «ልጅቷ አይደለችም፣ ድስቱን ብቻ ነው የሠራችው» አላቸው፤ የኔኑ ቃል ወስዶ። የአንደኛው ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ሁላችንም ሰማነው፦ «አንተንም ገዙህ? በስንት ገዙህ?» ዘጋበት። ከሐራ መኪና ይዘው መነሣታቸውን ሌላኛው ነገረው።

ልጄ ምስክር የምታገኝ መስሏት ነበር። ሥራዋን የወሰዱላት፣ በሷ ድካም እንጀራ የበሉ ልጆች እዚሁ ወልድያ አሉ፤ መጥተው «የሷን ዕቃ እኛም እንጠቀማለን፣ ሠሪ ሌላ ባለቤት ሌላ ነው» ብለው ይመስክሩልኝ አለች። በኔ ስልክ ለዚያ ለጳጉሜው ልጅ ሳይቀር ደወለች። «አላውቅሽም፣ የኔን ስም እንዳታነሺ» ብሎ ዘጋ። ሌላው አላነሣም። ሦስተኛዋ፣ እንደ እህት የምታያት፣ «እኔ ልጆች አሉኝ» አለቻት። ሁሉም ግን በዚያው ቀን አንድ ነገር አድርገዋል፤ በኋላ ነው ያወቅነው። ከየገጻቸው ላይ ስሟን ሰርዘው አወጡት። ስሟን ብቻ። ቀን መምረጫውን ትተውታል፣ እስከ ዛሬ ይሠሩበታል።

«ፖሊስ ዘንድ እንሂድ» አልኋት።

«እማ፣ ስሙ የኔ ነው። እስኪጣራ የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

ሼህ ተነሡ። «እኔ ከዚህ ሰው ጋር ሕግ ዘንድ እሄዳለሁ። ልጅቷ ስለ ዓመቱ ያለችውን ጽፋ ትስጠኝ፤ እሷን ሲፈልጓት ሰው ረጋ ሲል እኔው ይዤያት እቀርባለሁ፣ ቃሌ ነው። አንቺ ግን ልጅሽን አሁኑኑ ከዚህ አውጫት። የተቆጣ ሰው መኪና ላይ ሆኖ አይበርድም።»

ልጄ ቁጭ ብላ ጻፈች። ላፕቶፗን በጋቢ ጠቀለልሁ፣ ጫማዋን እኔ አሠርሁላት። በጋሸና መንገድ ሽቅብ የሚወጣ ስኳርና ጨው የጫነ አይሱዙ አገኘን። እህቴ እዚያ ደጋው ላይ ናት። መኪናው ድረስ አባትየው ሸኘን። ታናሽየው ቦርሳዋን ተሸክሞላት ነበር። ይቅርታ አላለም፣ እኛም አልጠየቅነው።

ሞተሩ ሲነሣ አባትየው መስኮቱ ሥር ቀረበ።

«እህቴ፣ ስልክሽን እንዳታጠፊ» አለኝ። «ምናልባት… ልጄም ገልብጣ ቁጥሩን አይታው ይሆናል። ሌላ የምትደውልበት ካጣች።»

«እሺ» አልሁት።

ከተማውን ሳንወጣ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሦስቱም ስድብ ነው። በአራተኛው ልጄ ጆሮዋን ደፍና ስታለቅስ አጠፋሁት። እሺ ብዬው አጠፋሁት። ልጁን የሚፈልግ አባት አንድ ነገር ለመነኝ፣ እሱንም ልጄ ዝም እንድትልልኝ ስል ነፈግሁት። ሌላዋ እናት በኔ ቦታ ብትሆን ምን ታደርግ እንደነበር እንጃ። እኔ ይህን አደረግሁ።

አቀበቱን ስንወጣ መኪናው እያቃሰተ ነበር። ከኋላችን መብራት ባየሁ ቁጥር እነሱ ናቸው እላለሁ። አንዱ ፒክአፕ ደርሶ ጥሩምባ ሲነፋ ልጄን በጉልበቶቼ መሐል ወደ ታች ደፈቅኋት። ሾፌሩ «ኧረ እትዬ፣ መንገድ ልቀቅ ነው የሚለኝ» ብሎ ሳቀ። ፒክአፑ አለፈን። በጎችና አንድ እንቅልፋም ሽማግሌ ነበር የጫነው።

«እማ» አለች ልጄ ከታች፣ «አወርደዋለሁ። ሁሉንም ኢንተርኔቱ ላይ ያለውን አጠፋዋለሁ።»

«ብታጠፊው የወሰዱት ይመልሳሉ?»

«አይመልሱም። ያወረዱት እነሱ ጋ ይቀራል።»

«ታዲያ ምን ዋጋ አለው?»

«ያቺ ልጅ ልደቷን ስትነካ፣ ወሩን ስትመርጥ፣ ደስ ብሏት ነበር ይሆን?» አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ። ጭንቅላቷን ደባበስኋት። በነፃ እንደሰጠች ነፃ የምትወጣ መስሏት ነበር ልጄ። እዚህ አገር የሰጠ ሰው ነው የሚጠየቀው፤ የወሰደ ምን ተብሎ ይጠየቃል፣ ስሙን አልጻፈ።

ሼህ ቃላቸውን አክብረው ጉዳዩን ይዘው መግባታቸውን በኋላ ሰማን። የውርጌሳው አባት ልጅ እስካሁን አልተገኘችም። ይህን ስነግራችሁም አልተገኘችም። ስልኬን ከፍቻለሁ፣ እዚህ ደጋ ላይ ግን ከኮረብታው ጫፍ በቀር አይሠራም፤ በየቀኑ ወጥቼ ትንሽ ቆሜ እመለሳለሁ።

ያን ቀን እህቴ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር፤ ብርዱ ፊቷን አቅልቶታል። ውሻዋ ጮኸብን፣ ገሠጸችው። ልጄን ከመኪናው ስታወርዳት ዓይኗ መንገዱ ላይ ነበር።

«የተከተላችሁ አለ?»

«የለም» አልሁ።

ገባን። በሩን በመዝጊያው ዘጋችው፣ መቀርቀሪያውንም ጣለች። ልጄን እሳቱ አጠገብ አስቀመጥኋት፤ ራሷን፣ ትከሻዋን፣ እጆቿን አንድ በአንድ ዳበስሁ። ማንም አልነካብኝም። ደርሰናል። ልጄ አለች፣ እኔም አለሁ። ደህና ነን።